ከማያና ከአፍተር ኢፌክትስ ወደ ብሌንደር፦ ግራፍ ኤዲተሩን የምትለምዱበት ዝርዝር መመሪያ

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ ወይም ከሰበታ ሆኖ አኒሜሽን የሚሠራ ሰው ሶፍትዌር ሲቀይር አጠገቡ የሚጠይቀው ሰው የለውም። ደንበኛው ቦሌ ነው። የሚያውቀው ጓደኛው ፒያሳ ነው። መንገዱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ኔትወርክ ሲደክም ቪዲዮ ከፍቶ መማርም አይቻልም። ስለዚህ ይህን መመሪያ የጻፍኩት ሴቭ አድርጋችሁ፣ ኮምፒውተራችሁ ፊት ቁጭ ብላችሁ፣ ያለ ኢንተርኔት እንድትከተሉት ነው።

የሚጠቅመው በተለይ ማያ ወይም አፍተር ኢፌክትስ በሚባሉት የአኒሜሽን ሶፍትዌሮች ላይ እጃቸው ለተፍታታ ሰዎች ነው። ወደ ብሌንደር የሚመጣ ሰው እየበዛ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሌሎቹ ክፍያ በዶላር ነው። ብሌንደር ግን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ኮዱ ክፍት የሆነ ነፃ ሶፍትዌር ነው። አክቲቬሽን አይጠይቅም። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ይሠራል። ከከተማ ዳር ለሚሠራ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሞዴሊንጉ፣ መብራቱ፣ ካሜራው ቀስ በቀስ ይለመዳል። ሰው የሚማረረው ግራፍ ኤዲተሩ ላይ ነው፤ እንቅስቃሴ በመስመር ተስሎ የሚታይበትና የሚስተካከልበት መስኮት ማለት ነው። ከርቩን፣ ማለትም ያንን መስመር፣ ያውቀዋል፤ ስንት ሥራ ሠርቶበታል። ግን እጁ የለመደውን ቁልፍ ሲጫን ሌላ ነገር ይሆንበታል። አንዳንዱ እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ወደ ድሮው ይመለሳል። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ዓይናችሁ የተማረው ሁሉ እዚህም ይሠራል፤ እጃችሁ የተማረውን ግን እንደ አዲስ ማስተማር ይኖርባችኋል። ሁለቱን ለያይታችሁ ከያዛችሁ ነገሩ ይቀላል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጥሩ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ሁለት ነገር አውርዱ። አንዱ ራሱ ብሌንደር ነው። ሌላው ማንዋሉ ነው፤ ድረ ገጻቸው ላይ በዚፕ ይገኛል፣ ስትፈቱት ያለ ኢንተርኔት በብራውዘር ይከፈታል። የግራፍ ኤዲተሩ ክፍል በደንብ የተጻፈ ነው።

መሃሉ ላይ ጎማ ያለው ማውስ ይኑራችሁ። በታችፓድ ከርቭ ማስተካከል ትዕግስት ይጨርሳል። ለጊዜው ከሌላችሁ ኤዲት ከሚለው ሜኑ ፕሪፈረንስስ ውስጥ ግቡ። ኢንፑት የሚለው ክፍል ላይ ኢሙሌት ስሪ በተን ማውስ የሚለውን አብሩት። ከዚያ በኋላ አልት ይዞ በግራ ክሊክ መጎተት የመሃለኛውን ቁልፍ ቦታ ይተካል።

ፍሬም ሬቱን (በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት) አንድም ኪፍሬም (በአንድ ፍሬም ላይ የሚተከል የዋጋ ምልክት) ሳትተክሉ ወስኑ። አውትፑት ፕሮፐርቲስ ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ካልነካችሁት 24 ነው። ደንበኛው 25 ወይም 30 ከፈለገ አሁኑኑ ቀይሩት። ብሌንደር ላይ ፍሬም ሬት በኋላ ሲቀየር ኪፍሬሞቹ ከፍሬም ቁጥራቸው አይነቃነቁም። ስለዚህ በ24 አምሮ የነበረ እርምጃ በ30 ሲጫወት ይጣደፋል።

መብራት ከሄደ ደግሞ አትደንግጡ። ብሌንደር ካልከለከላችሁት በየ2 ደቂቃው ራሱ ቅጂ ያስቀምጣል። ፋይል፣ ሪከቨር፣ አውቶ ሴቭ ብላችሁ የመጨረሻውን ታወጡታላችሁ። ይሄ ግን ኮንትሮልና ኤስን አዘውትሮ መጫንን አይተካም።

አንደኛ ደረጃ፦ ከርቩን እንደ አዲስ አንብቡት

ከማያ የመጣ ሰው ይህን ክፍል በፍጥነት ሊያልፈው ይችላል። ከአፍተር ኢፌክትስ የመጣ ግን ቆም ይበል።

ብሌንደር ላይ አግድሙ ጊዜ ነው፣ በፍሬም ይቆጠራል። ቁመቱ ዋጋ ነው፤ ቦታ ከሆነ በሜትር፣ መዞር ከሆነ በዲግሪ። ፍጥነቱ የሚነበበው ከመስመሩ ተዳፋት ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነገሩ ይፈጥናል። ጋደም ሲል ይዘገያል። ሜዳ ሲሆን ቆሟል። ወደላይ ወይም ወደታች መሄዱ የሚናገረው አቅጣጫውን ብቻ ነው።

አፍተር ኢፌክትስ ሁለት ዓይነት ግራፍ አለው፤ ቫልዩ ግራፍና ስፒድ ግራፍ። የማስታወቂያና የሎጎ ሥራ የሚሠሩ ብዙዎቹ የለመዱት ስፒድ ግራፉን ነው። እዚያ ላይ የመስመሩ ከፍታ ራሱ ፍጥነት ነው። ጉብታው ከፍ ካለ ነገሩ ይሮጣል ማለት ነው። ብሌንደር ላይ ስፒድ ግራፍ የለም። ስለዚህ ከርቩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ዓይናችሁ "እዚህ ጋ በጣም ይፈጥናል" ይላችኋል። እውነታው ተቃራኒው ነው። በዋጋ ግራፍ ላይ የተጠጋጋ ጫፍ ነገሩ ለቅጽበት የቆመበት ቦታ ነው።

ይሄ ልምድ በአንድ ቀን አይለቅም። የሚረዳው ነገር አፍተር ኢፌክትስን ገና ሳትተዉ ቫልዩ ግራፉን ከፍቶ እዚያው መሥራት ነው። ፖዚሽን ላይ የምትሞክሩ ከሆነ መጀመሪያ ሴፓሬት ዳይሜንሽንስ የሚለውን አብሩ፤ ያኔ ኤክስና ዋይ ለየራሳቸው ከርቭ ይኖራቸዋል። የምታውቁትን ሶፍትዌር ይዛችሁ አዲሱን ንባብ ትለማመዳላችሁ። ሁለት እንግዳ ነገር በአንድ ጊዜ አትጋፈጡም።

ኤፍ9 ስትጫኑ የሚመጣውን ኢዚ ኢዝ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ኢንፍሉዌንሱ 33 ነጥብ ምናምን በመቶ ነው። ሃንድሉ (ከኪፍሬሙ ወጥቶ ከርቩን የሚያጎብጠው እጀታ) በሁለት ኪፍሬሞች መካከል ያለውን ጊዜ አንድ ሦስተኛ ይሸፍናል ማለት ነው። ይህችን አንድ ሦስተኛ ያዙልኝ፤ ኳሱ ጋ ስንደርስ ትሠራለች።

ለማያ ሰዎችም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ማያ ላይ ወደላይ የሚያመለክተው ዋይ ነው፤ ብሌንደር ላይ ግን ዜድ ነው። ቀለማቱ በሁለቱም አንድ ናቸው፤ ኤክስ ቀይ፣ ዋይ አረንጓዴ፣ ዜድ ሰማያዊ። ስለዚህ ዝላይ ስትሠሩ ለዓመታት አረንጓዴውን መስመር ትፈልጉ የነበረች ዓይን አሁን ሰማያዊውን መፈለግ አለባት። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን አንድ ሰው ገጸ ባሕሪውን ወደላይ ላነሳ ብሎ አረንጓዴውን ሲጎትት ወደፊት ይንሸራተትበታል፣ ከዚያ ሶፍትዌሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ መክፈት፣ መዞር፣ አለመደናገጥ

ማውሱን ታይምላይኑ ላይ አድርጋችሁ ሺፍትንና ኤፍ6ን ተጫኑ። ያ ቦታ ግራፍ ኤዲተር ይሆናል። ጠርዙን ይዛችሁ ወደላይ ጎትቱትና አስፉት። ዶፕ ሺት (ኪፍሬሞቹ ብቻ ተደርድረው የሚታዩበት መስኮት) ላይ ከሆናችሁ ኮንትሮልና ታብ ወደ ግራፍ ያሻግራችኋል።

እዚህ ላይ የብሌንደርን ትልቁን ሕግ ልብ በሉ። ኪቦርድ ላይ የተጫናችሁት ነገር የሚሠራው ማውሱ ባለበት መስኮት ውስጥ ነው። ማውሱ ግራፉ ላይ ካለ ትእዛዙ ለኪፍሬሞቹ ነው። ሦስት ዲ መስኮቱ ላይ ካለ ለዕቃው ነው። "ይሄ ቁልፍ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም" የሚባለው ቅሬታ አብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው።

የማውሱን መሃለኛ ቁልፍ ይዞ መጎተት ግራፉን ያንሸራትተዋል። ጎማውን ማሽከርከር ያቀርባል፣ ያርቃል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ኮንትሮል ይዞ በመሃለኛው ቁልፍ መጎተት ነው። ወደ ጎን ስትጎትቱ ጊዜውን ይለጥጣል። ወደላይና ወደታች ስትጎትቱ ዋጋውን ይለጥጣል። 0.05 ሜትር የምታህል እንቅስቃሴ 90 ዲግሪ ከሚዞር ከርቭ ጎን ሜዳ መስላ የምትታየው ቁመቱ ስላልተለጠጠ ነው። ሆም የሚለው ቁልፍ ሁሉንም መስኮቱ ውስጥ ያስገባላችኋል። የመረጣችሁትን ብቻ ለማየት ቪው ከሚለው ሜኑ ፍሬም ሴሌክትድ በሉ።

አሁን ወደ አደገኞቹ ቁልፎች። የማያ ሰው ኤስ ሲጫን ኪፍሬም ለመትከል ነው። ብሌንደር ላይ ኤስ ማለት መለጠጥና ማጥበብ ነው። ማውሱ ግራፉ ላይ ሆኖ ኤስን ከተጫናችሁ በኋላ እጃችሁን ስታንቀሳቅሱ የተመረጡት ኪፍሬሞች ሁሉ እየተለጠጡ ይከተሏችኋል። የማያው ኤ ደግሞ ሁሉንም ያሳያል፤ የብሌንደሩ ኤ ሁሉንም ይመርጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሰውዬው ሁሉንም ልይ ብሎ ኤ የሚለውን ቁልፍ ይጫናል፤ ቀጥሎ ኪፍሬም ልትከል ብሎ ኤስን ይጫናል፤ የሦስት ቀን ሥራው ዓይኑ እያየ ይጨማደዳል። ግራ ክሊክ ካደረገ ደግሞ ያጸድቀዋል።

እንዲህ ሲሆን ምንም ክሊክ አታድርጉ። ኢስኬፕ ወይም ቀኝ ክሊክ ይሰርዘዋል። ካጸደቃችሁትም ኮንትሮልና ዜድ አለ።

ትክክለኞቹ እነዚህ ናቸው። ኪፍሬም ለመትከል አይ (I)። ለማንቀሳቀስ ጂ። ጂን ተጭናችሁ ኤክስን ካስከተላችሁ እንቅስቃሴው በጊዜ ብቻ ይገደባል፤ ዋይን ካስከተላችሁ በዋጋ ብቻ። ጂ፣ ኤክስ፣ 3፣ ኢንተር ስትሉ ኪፍሬሙ 3 ፍሬም ወደፊት ይሄዳል። ይህን በቁጥር የመጻፍ ልማድ ቶሎ ያዙት። ደካማ ላፕቶፕ ላይ ማውስ እየተንቀረፈፈ ኪፍሬም ከመጎተት በጣም ይሻላል።

ከርቩ ከናካቴው ካልታየ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ። ዕቃው ተመርጧል? ሪግ (አጥንት የተገባለት ገጸ ባሕሪ) ከሆነ ፖዝ ሞድ ውስጥ ገብታችሁ አጥንቱን መርጣችኋል? ብሌንደር በልማዱ የሚያሳየው የተመረጠውን ብቻ ነው፤ የግራፉ አናት ላይ ያለችውን የቀስት ምልክት ካጠፋችኋት የሁሉንም ያሳያል። ቀጥሎ ሆምን ተጫኑ። ከዚያ አልትና ኤች፤ በኤች የተደበቀ ካለ ይወጣል። መስመሩ እየታየ አልነካም ካለ ግን ታብን ሳታውቁት ነክታችሁ ይሆናል፤ ግራፉ ላይ ታብ የተመረጠውን ከርቭ ይቆልፋል። እንደገና ተጫኑት፣ ይከፈታል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ቪ እና ቲ ለየብቻ ናቸው

ከማያ ለሚመጣ ሰው የነገሩ ቁልፍ እዚህ ነው። ማያ ላይ ታንጀንት የሚባል አንድ ነገር ነው ያለው። ስፕላይን፣ ሊኒየር፣ ስቴፕድ፣ ፍላት፣ ሁሉም ከአንድ መደርደሪያ ይመረጣሉ። ብሌንደር ይህን ለሁለት ከፍሎታል።

ቲ ስትጫኑ የምትወስኑት ኢንተርፖሌሽኑን ነው። ከዚህ ኪፍሬም እስከሚቀጥለው ያለው መንገድ ምን ዓይነት ይሁን? ቤዚየር (በሃንድል የሚጎብጥ)፣ ሊኒየር (ቀጥ ያለ) ወይስ ኮንስታንት (እስከሚቀጥለው ኪፍሬም ሳይለወጥ ቆይቶ የሚዘል)? የማያው ስቴፕድ እዚህ ኮንስታንት ይባላል። ኢንተርፖሌሽን የሚገዛው ከኪፍሬሙ በስተቀኝ ያለውን መንገድ ነው። በስተግራ ያለው የቀዳሚው ኪፍሬም ነው።

ቪ ስትጫኑ ደግሞ የሃንድሉን ባሕሪ ትወስናላችሁ። ይህ የሚሠራው መንገዱ ቤዚየር ሲሆን ብቻ ነው። አምስት ምርጫ አለ። ፍሪ ማለት ግራና ቀኙ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ ማያ ላይ ብሬክ ታንጀንት የምትሉት ነው። አላይንድ ሁለቱን በአንድ መስመር ያስራቸዋል። ቬክተር እያንዳንዱን ሃንድል ወደ ጎረቤቱ ኪፍሬም ቀጥ አድርጎ ያነጣጥራል። አውቶማቲክ ራሱ ያለሰልሳል። አውቶ ክላምፕድ ደግሞ ያለሰልስና ከርቩ ከኪፍሬሙ ዋጋ በላይ እንዳያልፍ ይይዘዋል። ካልቀየራችሁት የሚመጣላችሁ ይሄኛው ነው።

የማያው ፍላት በዚያ ስም የለም። ኪፍሬሙን መርጣችሁ ሺፍትና ኤስ በሉ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ፍላተን ሃንድልስ የሚለው ያንን ሥራ ይሠራል።

ሌላም ልዩነት አለ። ማያ ላይ ካልቀየራችሁት ታንጀንቱ ክብደት የለውም፤ ማዕዘኑን እንጂ ርዝመቱን አትነኩም። ብሌንደር ላይ የሃንድሉ ርዝመት ሁልጊዜ ይቆጠራል። ሃንድሉን በሞቅታ ስትጎትቱት ማዕዘኑ ሳይቀየር ርዝመቱ ብቻ ቢረዝም እንኳ እንቅስቃሴው ይለወጣል። "አልነካሁትም እኮ" የምትሉት ለውጥ ከዚህ ነው የሚመጣው።

አራተኛ ደረጃ፦ የኳስ ሙከራ

የምትለማመዱበትን ነገር አታብዙ። አንዲት ኳስ ትበቃለች። ቁጥሮቹን አስልቼ አስቀምጬላችኋለሁ፣ እንዳሉ ጻፏቸው።

ሺፍትና ኤ፣ ሜሽ፣ ዩቪ ስፊር በሉና ራዲየሱን 0.1 ሜትር አድርጉ። የኳሱ መነሻ ነጥብ መሃሉ ላይ ስለሆነ መሬት ሲነካ የዜድ ዋጋው 0 ሳይሆን 0.1 ነው። ሦስት ዲ መስኮቱ ላይ ኤንን ተጭናችሁ የጎን ፓነሉን ክፈቱ። ሎኬሽን ዜድ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ኢንሰርት ሲንግል ኪፍሬም በሉ፤ እንዲህ ስታደርጉ አንድ ሰማያዊ መስመር ብቻ ይኖራችኋል።

ፍሬም 1 ላይ 2.1። ፍሬም 16 ላይ 0.1። ፍሬም 28 ላይ 1.3። ፍሬም 40 ላይ 0.1። ፍሬም 49 ላይ 0.82። ፍሬም 58 ላይ 0.1።

ቁጥሮቹ ከየት መጡ? የመሬት ስበት 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። 2 ሜትር ለመውደቅ 0.64 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ በ24 ፍሬም ሬት 15 ፍሬም ነው። ኳሱ በየንጥረቱ የቀድሞ ከፍታውን 60 በመቶ ይመለሳል ብዬ ወስጃለሁ። ስለዚህ ቀጥሎ 1.2 ሜትር ነው፣ ለመውጣትም ለመውረድም 12 ፍሬም። ቀጥሎ 72 ሴንቲ ሜትር ነው፣ 9 ፍሬም።

አጫውቱት። ኳሱ መሬቱ ላይ ማር እንደተቀባ ለጠፍ እያለ ይነሳል። ግራፉን ተመልከቱ። 16ኛው ፍሬም ላይ መስመሩ ተጠጋግቶ ሜዳ ሆኗል። አውቶ ክላምፕድ ነው ይህን ያደረገው። ሜዳ ማለት መቆም ነው ብለናል፤ ኳስ ግን መሬት የሚነካው በከፍተኛው ፍጥነቱ ላይ እያለ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ከርቩ ሹል መሆን አለበት።

ብዙ ሰው የመሬቱን ኪፍሬሞች መርጦ ቪ፣ ቬክተር ይልና ያልፋል። ይሻሻላል፤ ግን ኳሱ አሁንም ቀለል ያለ ይመስላል። ምክንያቱም ቬክተር ሃንድሉን ወደ ጎረቤቱ ቀጥ አድርጎ ነው የሚያነጣጥረው። በእውነተኛ ውድቀት የመጨረሻው ተዳፋት ከዚያ እጥፍ ይቆማል።

እንዲህ አድርጉ። በኤ ሁሉንም ምረጡና ቪ፣ ፍሪ በሉ። አንድ ኪፍሬም ምረጡ፣ ግራፉ ላይ ኤንን ተጫኑ፣ ኤፍ ከርቭ የሚለውን ክፍል ክፈቱ። የግራና የቀኝ ሃንድሎቹን ፍሬምና ዋጋ በቁጥር የምትጽፉበት ቦታ አለ። ደንቡ አጭር ነው። ጫፍ ላይ ያለው ሃንድል አግድም ይሁን፣ ርዝመቱ የጊዜው አንድ ሦስተኛ። መሬት ላይ ያለውም በጊዜ አንድ ሦስተኛ ይሁን፣ በቁመት ግን የከፍታውን ሁለት ሦስተኛ ይነሳ።

ለመጀመሪያው ውድቀት ስናሰላው፣ የፍሬም 1 ቀኝ ሃንድል ፍሬም 6 ላይ 2.1 ይሆናል። የፍሬም 16 ግራ ሃንድል ፍሬም 11 ላይ 1.43። የዚያው ኪፍሬም ቀኝ ሃንድል ፍሬም 20 ላይ 0.9፤ የፍሬም 28 ግራ ሃንድል ፍሬም 24 ላይ 1.3፣ ቀኙ ፍሬም 32 ላይ 1.3። የቀሩትን እናንተ አስሉ። 40ኛው ላይ ግራው ፍሬም 36 ላይ 0.9፣ ቀኙ ፍሬም 43 ላይ 0.58 ከመጣላችሁ በትክክል ሄዳችኋል።

አሁን አጫውቱት። ያ መስመር በትክክል የስበት ፓራቦላ ነው። ደጋግማችሁ እዩት፤ ዓይናችሁ ቅርጹን ይያዘው። ቅርጹን ካወቃችሁ በኋላ ቁጥር መጻፍ አያስፈልጋችሁም፣ በእጅ ትስሉታላችሁ።

አቋራጭም አለ። ሁሉንም መርጣችሁ ቲ፣ ኳድራቲክ ካላችሁ በኋላ በኮንትሮልና ኢ ለጫፎቹ ኢዝ ኢን፣ ለመሬቶቹ ኢዝ አውት ብትሰጧቸው ያው ፓራቦላ ይመጣል። ነገር ግን ሃንድል የለውም፤ ደንበኛው "አየር ላይ ትንሽ ይቆይልኝ" ሲላችሁ በእጅ የምትይዙት ነገር አይኖርም። ለልምምድ ቤዚየሩን እመርጣለሁ።

አምስተኛ ደረጃ፦ የባጃጅ ሙከራ

ኳሱ አንድ ከርቭ ነበር። አሁን ሁለቱን አብረን እናስኬድ። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባጃጅ ሞልቷል፤ ወጣ ብላችሁ አንዷ ተሳፋሪ ለማውረድ ስትቆም ተመልከቱ። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ አፍንጫዋ ዝቅ ይላል፤ እየቆመች ሳለ እንደዚያው ዝቅ ብሎ ይቆያል። ሙሉ በሙሉ በቆመችበት ቅጽበት ደግሞ ወደኋላ ትመለሳለች። የተሳፋሪዎቹን ጭንቅላት እዩ። ወደፊት ያዘነበለው ጭንቅላት ወደኋላ የሚወረወረው ልክ ስትቆም ነው።

ብዙ አኒሜተር ይህን ገልብጦ ይሠራዋል። መኪናው ከቆመ በኋላ አፍንጫው ይደፋል። ያኔ ፍሬን የያዘ ሳይሆን ግንብ የመታ ይመስላል።

አንድ ሳጥን በቂ ነው። ኢምፕቲ (ሬንደር ላይ የማይታይ ባዶ ዕቃ) ፍጠሩና ሳጥኑን የሱ ልጅ አድርጉት፤ ኢምፕቲው ይሄዳል፣ ሳጥኑ ይንገጫገጫል። ባጃጇ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ትሂድ፣ ማለትም በሰከንድ 5 ሜትር። በአንድ ሰከንድ ውስጥ እኩል እየቀነሰች ብትቆም 2.5 ሜትር ትጓዛለች። ስለዚህ የኢምፕቲው ሎኬሽን ዋይ ፍሬም 1 ላይ 0፣ ፍሬም 25 ላይ 5፣ ፍሬም 49 ላይ 7.5 ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ቀጥ ያለ መስመር ይሁን፤ ፍሬም 1 ላይ ቲ፣ ሊኒየር። 25ኛው ላይ ከርቩ መሰበር የለበትም። ፍሬኑ ሲጀምር ፍጥነቱ ገና ያው 5 ነው። የ25ን ቀኝ ሃንድል ፍሬም 33 ላይ 6.67 አድርጉት፤ ከቀጥታው መስመር ጋር አንድ ሆኖ ይቀጥላል። የ49ን ግራ ሃንድል ደግሞ ፍሬም 41 ላይ 7.5፣ ሜዳ። 25ኛው ላይ ትንሽ ስብራት ቢኖር ዓይን ወዲያው ትይዘዋለች፤ ባጃጇ በድንገት የተገፋች ወይም የተያዘች ትመስላለች።

ከዚያ የሳጥኑ ሮቴሽን ኤክስ። ፍሬም 25 ላይ 0፣ ፍሬም 29 ላይ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ፣ ፍሬም 47 ላይ አሁንም ከዜሮ በታች 3፣ ፍሬም 52 ላይ 1.5፣ ፍሬም 56 ላይ ከዜሮ በታች 0.5፣ ፍሬም 60 ላይ 0። አፍንጫው ወደታች ሳይሆን ወደላይ ከሄደ ምልክቶቹን ገልብጡ። እነዚህ ዲግሪዎች የኔ ምርጫ ናቸው፤ የሙሉ ጭነት አይሱዙ ብትሠሩ መልሱ የሚዘገይና የሚከብድ ይሆናል።

ሁለቱን ከርቭ አንድ ላይ ለማየት ስትሞክሩ አንዱ በሜትር፣ አንዱ በዲግሪ ስለሆነ አይመጣጠኑም። ግራፉ አናት ላይ ኖርማላይዝ የሚለውን አብሩት። ሁሉንም ወደ አንድ ስፋት ያመጣቸዋል። ዋጋቸውን አይነካም፤ እይታውን ብቻ ነው። ያኔ ፍሬኑ የተያዘበትና አፍንጫው የተደፋበት ፍሬም እንደሚገጥሙ በግልጽ ታያላችሁ።

ሪግ ላይ ስትደርሱ

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። ብሌንደር ውስጥ አጥንት ካልተቀየረ በቀር መዞሩን የሚይዘው በኳተርኒየን ነው። ክንድ አንስታችሁ ግራፉን ስትከፍቱ ሦስት ከርቭ ጠብቃችሁ አራት ታያላችሁ፤ ደብሊው የሚባል ተጨምሯል፣ ዋጋዎቹም ዲግሪ አይመስሉም። በዓይን አንብቦ ማስተካከል አይቻልም ማለት ይቻላል።

በከርቭ ልትሠሩበት ለምትፈልጉት አጥንት ከጎን ፓነሉ ሮቴሽን ሞዱን ወደ ኤክስ ዋይ ዜድ ኦይለር (መዞርን በሦስት ማዕዘኖች በዲግሪ ወደሚይዘው) ቀይሩት። ይህን ግን ኪፍሬም ከመትከላችሁ በፊት አድርጉ። በኦይለር ስትሠሩ መስመሩ በድንገት 360 ዲግሪ ከዘለለ ኪ ከሚለው ሜኑ የኦይለር ፊልተሩን ተጠቀሙ። በሁሉም አቅጣጫ ለሚዞር ትከሻ ኳተርኒየኑን መተው የሚሻልበት ጊዜ አለ። ለጭንቅላት፣ ለክርንና ለጉልበት ግን ኦይለር።

ከሌላ ሶፍትዌር የመጣ ፋይል ሲሰጧችሁ

አንዳንዴ በኤፍቢኤክስ የመጣ ሥራ ስትከፍቱ እያንዳንዱ ፍሬም ላይ ኪፍሬም ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ሲላክ ቤክ ስለተደረገ፣ ማለትም እንቅስቃሴው ፍሬም በፍሬም ስለተጻፈ ነው። ዴሲሜት የሚለው ትእዛዝ ኪፍሬሞቹን ያሳሳቸዋል፤ ከርቩ ምን ያህል እንዲለወጥ እንደምትፈቅዱ ትነግሩታላችሁ። ለሞሽን ካፕቸር (ከእውነተኛ ሰው እንቅስቃሴ ለተቀዳ ሥራ) ጥሩ ነው። በእጅ ተሠርቶ ለመጣ አጭር ሥራ ግን ዋናዎቹን ፖዞች ብቻ አስቀርቶ መሃሉን በራስ እጅ እንደገና መሥራት ይፈጥናል።

ኪቦርዱን ልቀይረው?

ፕሪፈረንስስ ውስጥ ኪማፕ የሚለው ክፍል ላይ ኢንዱስትሪ ኮምፓቲብል የሚባል ምርጫ አለ። ዳብሊው፣ ኢ እና አር እንደ ማያ ይሠራሉ። የሚያጓጓ ነው። እኔ ግን አልመክርም። ማንዋሉም፣ ቪዲዮዎቹም፣ ጓደኛችሁ በቴሌግራም የሚልክላችሁ መልስም የተጻፈው በመደበኛው ኪቦርድ ነው። ብቻውን ከከተማ ዳር ለሚማር ሰው የሚያገኛትን እርዳታ ሁሉ ወደ ሌላ ቁልፍ መተርጎም ትርፍ ሸክም ነው። ማያና ብሌንደርን በየቀኑ እያቀያየረ የሚሠራ ሰው ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ እሱ ይቀይረው።

የጀመራችሁትን የደንበኛ ሥራ መሃል ላይ ወደ ብሌንደር አታዙሩ። ያንን በለመዳችሁት ጨርሱና ቀጣዩን፣ አጭሩን፣ ቀነ ገደቡ ሰፋ ያለውን በብሌንደር ጀምሩ። ስትጀምሩም ፕሪፈረንስስ፣ አኒሜሽን ውስጥ ገብታችሁ አዲስ ኪፍሬም የሚያዘውን ኢንተርፖሌሽን ኮንስታንት አድርጉት። ፖዞቻችሁን በዚያ ጨርሱ። ታይሚንጉ ሲስማማችሁ ሁሉንም መርጣችሁ ቲ፣ ቤዚየር በሉ፤ ፕሪፈረንሱንም ያኔውኑ ወደ ቤዚየር መልሱት፣ አለዚያ ቀጥሎ የምትተክሉት ኪፍሬም በመሃል ይዘልባችኋል።